«የማን ልጅ ነህ?» የማይል ቤት እንዴት ይነደፋል?

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በኮልፌ አጠና ተራ በኩል ያለፈ ሰው ይህን ወጣት ሳያየው አይቀርም። አጠና የሚጭንና የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሚጠራውን ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን 2 ሰዓት ሳይሞላ ሥራ ያገኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ ቀትር ጠብቆ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እዚያው ሰፈር ሌላ ሰው ታያላችሁ። እኚህ አዛውንት ናቸው። ክፍላቸው ስለሚቀዘቅዝ ወጥተው ሱቅ ደረጃ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደንበኛ ሲበዛ ባለሱቁ «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» ይላቸዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደረጃው የሱ ነው። እሳቸውም ከዘራቸውን አንስተው ወደሚቀጥለው ደረጃ ያዘግማሉ።

ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው አያውቁ ይሆናል። ግን አንድ ችግር ይጋራሉ፦ ሳይከፍሉ፣ ሳይለምኑ፣ «ማነህ? ምን ፈልገህ ነው?» ሳይባሉ አረፍ የሚሉበት ቦታ የላቸውም። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ቦታ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አንድ አዳራሽ ሠርቶ ወንበር መደርደር ነዋ! ትሉ ይሆናል። ግን በአዲስ አበባም በሌላው ዓለምም እንደዚያ ተሠርተው ባዶ የቀሩ አዳራሾች ሞልተዋል። ለምን?

ሦስተኛው ቦታ

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ሕይወት በሦስት ቦታዎች ላይ እንደሚቆም ጽፏል። አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳይጠራችሁ ሄዳችሁ ከሰው ጋር የምትጨዋወቱበት ነው። በእኛ አገር ይህ ሦስተኛ ቦታ የጀበና ቡና የሚሸጥበት ጥግ፣ ፀጉር ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም የመስጊድ ግቢ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ቤቱ ከሌሎች ጋር የሚጋራት ለመኝታ ብቻ የምትበቃ የኪራይ ክፍል ናት። የሥራ ቦታው መንገድ ነው። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ይጠይቃል። ሥራ ያላገኘበት ቀን ከሆነ ያችም የለችም። ስለዚህ ለሱ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቦታ መንገዱ ነው።

ለአንድ ቦታ ንድፍ ስናወጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ተጠቃሚው ምን ያንሰዋል? ምንስ ይተርፈዋል?» ብለን ነው። ወጣቱ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ጉልበት ግን አለው። አዛውንቱ ጊዜ ሞልቷቸዋል፤ ጉልበትና ሰው ግን ጎድሏቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት መሙላት ይችላል። አዛውንቱ ቀን ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ወጥ ያማስላሉ፤ ወጣቱ ማታ ውኃ ይቀዳል፣ ከባድ ዕቃ ያነሳል።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው አሠሪያቸው ታውቆ፣ ደመወዛቸው ተመዝግቦ፣ በየወሩ መዋጮ ለሚከፈልላቸው ነው። አጠና የሚሸከመው ልጅ፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥበው ሴት እዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ስለዚህ የዛሬው የቀን ሠራተኛና ጡረታ የሌላቸው አዛውንት ሁለት ዓይነት ሰዎች አይደሉም፤ አንድ ሰው በሁለት ዕድሜው ነው።

ግቢው የሠራው ሥራ

ከዚህ በፊት ይህ የጋራ ቦታ አልነበረም? ነበረ። ስሙ «ግቢ» ይባላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡና «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ተወለደ። ቤቶቹ የጭቃ፣ ጠባብና ያረጁ ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ማድ ቤት ይጋራል። ማንም ይህን ኑሮ አይመኝም፤ እኛም አናሞግሰውም።

ግን ግቢው ማንም ያላቀደው አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። አሮጊቷ ጠዋት በራፋቸው ላይ ካልታዩ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ልጅ ያላት እናት ጉልት ስትወጣ ልጇን «እማማ፣ እዩልኝ» ብላ ትሄዳለች። ቡና ሲፈላ ብቻውን የሚኖረውም ይጠራል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን «መንገድ ላይ ያለ ዓይን» ብላዋለች። ሰፈርን የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ በራፉ ላይ ተቀምጦ ጤፍ የሚያበጥረውም ሰው ነው፤ ዓይኑ ውጭ ነዋ!

በእርግጥ ያው ዓይን ይከብዳል። የሚጠብቃችሁ ዓይን የሚሰልላችሁም ዓይን ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሳያገባ ቀረ፣ ሁሉም ይታወቃል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

70 ደረጃ

በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጀመረች። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ሚኪሊላንድን ጨምሮ በየክፍለ ከተማው ኮንዶሚኒየም ተተከለ። የቤቶቹ ነዳፊዎች አንድ ጥሩ ነገር አስበው ነበር፦ አበሻ እንጀራ ይጋግራል፣ በግ ያርዳል፣ ልብስ በገበቴ ያጥባል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ይህ ሁሉ በጠባብ አፓርታማ አይቻልም። ስለዚህ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ጎን የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ተሠራ። ነዋሪው «ኮሚናል» ይለዋል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በአንዳንድ ሳይቶች ኮሚናሉ ሲከራይ፣ የዕቃ ማከማቻ ሲሆን ወይም ተቆልፎ ሲቀር ታያላችሁ። ምክንያቱን ለማየት አንድ ሒሳብ እንሥራ።

አብዛኛው የመጀመሪያ ዙር ኮንዶሚኒየም ከምድር ቤቱ በላይ 4 ፎቅ አለው፤ ሊፍት የለውም። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ከሆነ አራተኛው ፎቅ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አንድ የደረጃ ዕርከን ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 1200 ለ17 ሲካፈል 70 ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የ70 ዓመት እናት ሊጥ ይዘው 70 ዕርከን ወርደው፣ ጋግረው፣ እንጀራውን ይዘው 70 ዕርከን መውጣት አለባቸው። ውኃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ነው። ኮሚናሉ 50 ሜትር ብቻ ቢርቅም ለሳቸው ሌላ አገር ነው።

በዚያ ላይ ቤቱ የደረሰው በዕጣ ነው። ግቢ ውስጥ ለዓመታት የተዋወቁ ሰዎች ዕጣው ወዳወጣላቸው ሳይትና ብሎክ ተበተኑ። የባንክ ዕዳውን ወርሃዊ ክፍያ መሸፈን ያልቻለው ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ተከራየ። ሕንፃው የጋራ ሆነ፤ የሚጋሩት ሰዎች ግን ገና አይተዋወቁም። ንድፉ ዕቃውን አስቦ ጉርብትናውን ረሳ ማለት ነው።

ዘነበወርቅ፦ ዘመድ የሌለው ሰፈር ሲሠራ

እዚያው ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለ። በ1920ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ተቋቋመ። በ1958 ዓ.ም ደግሞ እዚያው ቦታ አለርት የተባለው የሕክምና፣ የማገገሚያና የሥልጠና ማዕከል ተመሠረተ።

የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በዘር አይወረስም። እንደዚያም ሆኖ ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ከዳኑ በኋላም ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። በሽታው ለቋቸው መገለሉ አለቀቃቸውምና። ቤተሰብ አልቀበልም ያለው፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ከሆስፒታሉ ግድግዳ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። እርስ በርስ ተጋቡ፣ ልጆች ወለዱ፣ ተረዳዱ፣ የሞተባቸውን አብረው ቀበሩ። ሰፈር ሠሩ!

ኑሯቸው ግን በቋፍ ነበር። ከዚያው ቅርብ የከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት ቆሼ አለ፤ በላስቲክና በብረት ለቀማ የሚተዳደሩ ሰዎችም በዙሪያው ኖረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር በነበሩ ቤቶች ውስጥ የነበሩ ናቸው። እዚያ የኖሩት አደጋውን ስላላዩት አይደለም፤ ለእንጀራቸው ቅርብ የሆነና አቅማቸው የሚችለው ቦታ እሱ ስለነበረ ነው።

ከዘነበወርቅ የምንማረው ይህ ነው፦ ቤተሰብ የሚባለው በደም ብቻ አይመጣም፤ የተገፉ ሰዎች አብረው ሲኖሩ ቤተሰብ ይሆናሉ። ግን መሬት፣ ጣሪያና መሰብሰቢያ ካልተሰጣቸው የሚሠሩት ሰፈር ገደል አፋፍ ላይ ይሆናል።

ልጅ የሌለው ሲያረጅ

በእኛ አገር ጡረታ የሌለው ሰው ጡረታው ልጆቹ ናቸው። «ወልደህ ሳም፣ ዘርተህ ቃም» ተብሎ ይመረቃል። ታዲያ ያልወለደውስ? ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ የቀረችባትስ? ቤተሰቡ የካደውስ?

እነዚህ ሰዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከመካከላቸው ስማቸው የማይነሳ አሉ፦ ያረጁ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። የቤተሰብና የኅብረተሰብ ውግዘቱም ብርቱ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ቆጠራ ላይ አይታዩም፣ ማኅበር አይመሠርቱም፣ «እኔ ነኝ» አይሉም። ግን እነሱም ያረጃሉ። ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ሱቅ ደረጃ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በሰው ዓይን ሳያገቡ የቀሩ አጎት ወይም አክስት ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ይሸሻሉ።

ከዘነበወርቅ ቀጥሎ ይህን ስናነሳ ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀር በሽታ ነው ማለታችን አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መገለሉ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በግልጽ በሚነሳባቸው አገሮች ነዳፊዎች ምን አደረጉ? ጀርመንን እንይ። እዚያም ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት የሚቀጣው አንቀጽ 175 ሙሉ በሙሉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ስለዚህ ዛሬ ያረጁት ሰዎች ወጣትነታቸውን በመደበቅ ያሳለፉ ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ «ሚስትህ የት አለች? የልጅ ልጅ ስንት አለህ?» የሚለው ተራ ጨዋታ እንኳ ወደ ድሮው ፍርሃት ይመልሳቸዋል። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሌበንስኦርት ፊልፋልት» የሚባል መኖሪያ ተከፈተ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች በዕድሜ የገፉ ግብረ ሰዶማዊ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችና ወጣቶችም ሆን ተብሎ ተቀላቅለዋል። የመርሳት ችግር ላለባቸው የጋራ አፓርታማ አለ። ቤተ መጻሕፍትና የምክር አገልግሎትም አለ።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የአኒታ ሜይ ሮዘንስቲን ካምፓስ የባሰ ደፋር ነገር ሞከረ። ቤታቸው ያባረራቸው ወጣቶችንና የገቢ አቅም የሌላቸው አረጋውያንን በአንድ ግቢ አገናኘ። መሃል ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? ወጥ ቤት! ሥራ የሌላቸው ወጣቶችና አረጋውያን አብረው ምግብ አብሳይነት ይሠለጥናሉ፤ የሚያበስሉትን የግቢው ሰው ይበላዋል። ወጣቱ ሙያ ያገኛል፤ አዛውንቱ ሰው ያገኛሉ።

እንዲህ ያለ ቤት በስሙ ኮልፌ ላይ ይሠራ ብንል ግን ምን ይሆናል? በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ራሱ የሚገባውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ነዳፊው ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት፦ ማንንም ስሙን፣ ትዳሩን፣ ዘሩን የማይጠይቅ፣ ሁሉም ሰው የሚገባበት ቤት። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው ቤት ለቀን ሠራተኛውም፣ መታወቂያ ለሌላት የገጠር ልጅም፣ ልጅ አልባ ለሆኑት አዛውንትም የሚመቸው እሱው ነው። እጅግ ለሚፈራው ሰው ታስቦ የተሠራ በር ለሁሉም ሰፊ ይሆናል።

ወንበር፣ ብርሃን፣ ቆርቆሮ

አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። ኮልፌ ውስጥ 60 ካሬ ሜትር የሆነ የተዘጋ ኮሚናል አገኘን እንበል።

*ወንበሩ።* እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካናዳ ሳስካቸዋን ሶመርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአረጋውያን ሴቶች ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አስተዋሉ። ክፍሉ ጽዱና ያማረ ነው፤ ግን ሴቶቹ አይነጋገሩም። ወንበሮቹ በሙሉ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ተመራማሪዎቹ ትንንሽ ጠረጴዛዎች አስገብተው ወንበሮቹን ዙሪያቸውን አደረጉ። ከሳምንታት በኋላ በአረጋውያኑ መካከል የሚደረገው ጭውውት በብዙ ጨመረ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የወንበሩ አቅጣጫ ነው የተለወጠው። ረከቦት ዙሪያ በክብ የምንቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለታመመ ጉልበት አይሆንም፤ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ እጅ ማስደገፊያ የተሠራለት ወንበር ያስፈልጋል። ማስደገፊያው ለመነሳት ነው።

*ብርሃኑ።* የ60 ዓመት ሰው የዓይን መስታወት ስለሚደፈርስና ብሌኑ ስለሚጠብብ ወደ ሬቲናው የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ለእናንተ ብሩህ የሆነ ክፍል ለሳቸው ምሽት ነው። ሰፋ ያለ መስኮትና ነጭ ቀለም የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

*ጣሪያው።* ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ጎናችሁ ያለው ሰው የሚለውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ቃልን ከቃል የምንለየው ደግሞ በእንደ «ስ» እና «ፍ» ባሉት ቀጫጭን ድምፆች ነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ካልተሠራ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ወቅት አዛውንቱ ሰው መሃል ተቀምጠው ብቻቸውን ናቸው።

*መግቢያው።* የጎርፍ ውኃ እንዳይገባ ወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 5 ሜትር ከ40 የሆነ መወጣጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። ግቢው ጠባብ ከሆነስ? የጎርፍ ቦይ በደንብ ተቆፍሮ ወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 ብቻ ይሆናል።

*ሰዓቱ።* አንድ ተቀማጭ ሰው 1 ካሬ ሜትር ተኩል ቢይዝ 60 ካሬ ሜትር 40 ሰው ያስቀምጣል። ትንሽ ነው። ግን የቀን ሠራተኛውና አዛውንቱ ቦታውን የሚፈልጉት በአንድ ሰዓት አይደለም። ከማለዳ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሥራ ጠባቂው ሻይ ይጠጣበታል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ልብሱን ያስቀምጣል። ከ3 ሰዓት እስከ 9 የአዛውንቱ ነው። ከዚያ ተማሪ ያጠናበታል። ማታ ደግሞ ከሥራ የተመለሰው ገላውን ታጥቦ፣ አብስሎ ይበላል። ያው 40 ወንበር በቀን 160 ሰው አስተናገደ። ጊዜም እንደ ግድግዳ የንድፍ ዕቃ ነው!

ሁለት በር፣ ሁለት ደንብ

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ቤቱ ማንንም ካልጠየቀ ምጣዱን ማን ይጠብቃል? የመብራቱን ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የጨረሰችው ይህን ስታጠና ነው። የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ደን፣ የጋራ መስኖ ለዘመናት ሳይጠፋ የኖረባቸውን ማኅበረሰቦች አየች። ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል፤ ያጠፋ መጀመሪያ በቀላሉ፣ ሲደጋግም ጠንከር ብሎ ይቀጣል፤ ማን አባል እንደሆነም በግልጽ ይታወቃል።

ይህን ስትሰሙ «እንዴ! ዕድር ነው እኮ!» አላችሁ አይደል? ልክ ናችሁ። ዕድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ መዋጮና ቅጣት አለው። ድንኳኑም ድንቅ የጋራ ቦታ ነው፦ ሐዘን ሲኖር በአንድ ሰዓት ይተከላል፣ ሲያልቅ ተጣጥፎ ይገባል። ግን መዝገቡ የሚያስገባውን ያህል ያስወጣል። የወሩን መዋጮ ያልከፈለ የቀን ሠራተኛ ይሰረዛል። የሰፈሩ ሰው የማያውቀው፣ ቤተሰብ የሌለው ሰውም ለመመዝገብ ይከብደዋል። ቅድም «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ይኸው ነው፤ የሚጠብቀው ዓይን ያስፈራልም።

ስለዚህ ኦስትሮም «አባሉ ይታወቅ» ትላለች፤ እኛ ደግሞ «ማንም አይጠየቅ» ብለናል። መፍትሔው ነገሮቹን ለሁለት መክፈል ነው። ሰው ሲጠቀምበት የማያልቅ ነገር አለ፦ ጥላ፣ ወንበር፣ ብርሃን፣ ጨዋታ። ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ነገርም አለ፦ ውኃ፣ መብራት፣ ማገዶ፣ የምጣድ ተራ። የማያልቀውን ከፊት እናድርገው፤ በረንዳው ክፍት ይሁን፣ መዝገብ አይኑር። የሚያልቀውን ከኋላ እናድርገው፤ እዚያ ተራና መዋጮ ይኑር። መዋጮው በወር ሳይሆን በቀን ይሁን፤ ብር የሌለው በጉልበት ይክፈል። የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኑም በስም ፋንታ በቁጥር ይሰጥ።

ለሚፈራው ሰው ደግሞ ሦስት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ከመግባቱ በፊት ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ይቻል፤ የበረንዳው ግድግዳ ዝቅ ያለ ይሁን። ሁለተኛ፣ በገባበት በር ብቻ እንዲወጣ አይገደድ። ሦስተኛ፣ ለመምጣቱ ማስረዳት የማያስፈልገው ምክንያት ይኑረው። ብቸኝነት ያሠቃየው ሰው «ሰው ናፍቆኝ መጣሁ» አይልም። «ልብስ ላጥብ ነው የመጣሁት» ይላል። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ከቡናው አጠገብ ይሁን። አጥቦ እስኪደርቅለት ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ሳለ ይጫወታል።

እናንተስ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሙከራ ሥሩ። ከቤታችሁ ተነስታችሁ 500 ሜትር ያህል ተራመዱ። በመንገዳችሁ ላይ ሳትከፍሉ የምትቀመጡበት ስንት ቦታ አለ? ስንቱ ጥላ አለው? ስንቱ ማስደገፊያ አለው? ከአንዱ እስከ ሌላው ስንት እርምጃ ነው? በሦስት ሰዓት ማለትም ጠዋት፣ በቀትርና በመሸ ጊዜ ተመልሳችሁ ማን እንደተቀመጠ ቁጠሩ። ስም አትጠይቁ፤ ፎቶ አታንሱ። የሰውን ቁጥር ብቻ መዝግቡ። ይህም የምርምር ሥነ ምግባር ነው፤ መታወቅ የማይፈልገውን ሰው ሳናጋልጥ ለሱም መንደፍ እንችላለን።

ከዚያ ብሎካችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ የተቆለፈ ኮሚናል፣ ባዶ የዕድር ቤት ወይም ማንም የማይቀመጥበት አዳራሽ ካለ ወንበሮቹ ወዴት እንደዞሩ እዩ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ሌላ ሕንፃ አይደለም፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

አዛውንቱ ነገም ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ባለሱቁም «ጠጋ ይበሉልን» ይላቸዋል። ወዴት ጠጋ ይበሉ?